ቃሬዛ ያልኩት መወጠሪያ

አንዲት ወጣት ተርጓሚ «ጋሼ፣ የጦርነት ዘመን ደብዳቤ ለመተርጎም ምን ላንብብ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ታሪኩን» ልላት ስል የቆየ ስህተቴ ትዝ አለኝ።

ደብዳቤው በ1943 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ጸሐፊው አላስካ ውስጥ ለፀጉራቸው የሚፈለጉ አውሬዎችን በወጥመድ ይይዝ የነበረ፣ በኋላ አሉሺያን ደሴቶች የዘመተ ወታደር ነው። ጃፓን በ1942 ከእነዚህ ደሴቶች አቱንና ኪስካን ስትይዝ፣ የአሜሪካው ኮሎኔል ካስትነር ያቋቋመው የአላስካ ስካውት (ቃኚ) ጦር እንዲህ ያሉ አጥማጆች ነበሩት። ሰውየው ለድሮ ጓደኛው «ስትሬቸሮቼን ከዝናብ አስገባልኝ» ይላል። እኔ «ቃሬዛዎቼን» አልኩት። ጦርነት ነው፣ ቁስለኛ አለ፤ ምን ያጠራጥራል? ታተመ።

የሚያወራው ስለ ቆዳ መወጠሪያ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ስትሬቸር» ናቸው። ቢቨር የሚባለው ውሃ ዳር የሚኖር አውሬ ሆዱ ተሰንጥቆ ይገፈፍና ክብ በታጠፈ እንጨት ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል፤ ቁርበት በችካል እንደምንወጥረው ነው። መስክራት የሚባለው ትንሽ የውሃ ዳር አውሬ ግን ለስልቻ እንደሚገፈፍ ፍየል ነው። ከአንዱ የኋላ እግር እስከ ሌላው ብቻ ይቀደድና ቆዳው እንደ ካልሲ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ጫፉ በጠበበ ስስ ጣውላ ላይ ይጠለቃል። ስቡ አስቀድሞ ካልተፋቀ ቆዳውን ያበላሸዋል፤ ምድጃ ዳር ከደረቀም ይሰባበራል። ዝናብ የመታው ጣውላ ደግሞ ይጣመማል፤ የልመናው ምክንያት ይኸው ነው።

ወረድ ብሎ «ፕራይም» የሚል ቃል አለ። ስልካችሁ «ዋና» ይላችኋል። ለአጥማጅ ግን በብርዱ ወራት ፀጉሩ ሞልቶ፣ ውስጡ የነጣ ቆዳ ማለት ነው። ያለጊዜው የተያዘ አውሬ ቆዳው ከውስጥ ይጠቁራል፤ ዋጋውም ይወርዳል። (የአላስካን ብርድ «ክረምት» ብላችሁ ሐምሌና ነሐሴን የምታስታውሱን ልጆችማ አላችሁ!)

ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀዳዳ አለ። ሳንሱር የሚያደርገው መኮንን የቦታ ስም በምላጭ ሲቆርጥ፣ በጀርባው የተጻፈው ስለ ቆዳ ዋጋ የሚያወራው መስመር አብሮ ሄዷል። እንዲህ ያለውን በግምት አትሙሉ፤ «ተቆርጧል» ብላችሁ እለፉ።

የዛሬ ልጆች ቃል ለማየት እንኳ መጽሐፍ አትገልጡም። እኔስ? ትልቁን መዝገበ ቃላት ገልጬ ነው የተሳሳትኩት፤ «ቃሬዛ» መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታች ድረስ አላነበብኩም። ቆዳ የሚያለፋ ሰውም አልጠየቅኩም፤ ከቤቴ ሁለት መንደር አልፎ ነበር።

በሁለተኛው እትም «መወጠሪያዎቼን» ተብሎ ታርሟል። የመጀመሪያው ግን አሁንም አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጡ ልጆች እጅ ይዞራል።