ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ቲማቲም (መልስ)

ቲማቲሜ ውሃ እያጠጣሁት እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ሥሩም አብጧል፣ የፈንገስ መድኃኒትም እየሰጠሁት ነው ብለህ ለጠየቅከው፦ ቲማቲምህን የያዘው ኔማቶድ ነው። በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። የፈንገስ መድኃኒቱን አቁም፤ ለዚህ አይሠራም።

የታመመውን ከነሥሩ ነቅለህ አቃጥል። ማሳው ላይ እንዳትተወው፤ አንዷ እንስት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ በጋ ላይ መሬቱን አርሰህ ውሃ አጠጣና የፀሐይ ሙቀት ትሉን እንዲገድለው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አልብሰው። ጠርዙ ላይ አፈር ጫንበት። ድንች፣ በርበሬና ካሮት አታስከትል፤ እነሱንም ያጠቃል።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ መሬቱን እንዲህ ለፍቼ አጽድቼ ችግኙን ግን ሳላይ ገዛሁ። ከወር በኋላ ስነቅለው ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሯል። ችግኝ ስትገዛ ሁለት ሦስቱን ንቀልና ሥራቸውን አጥበህ እይ። ትንሽም እብጠት ካለ አትግዛ።