የላላ ዳዶ ስለ ጠበቀ ብቻ ዳነ አይባልም

ጠያቂያችን መኪናቸውን ለሰርቪስ አስገብተው የፊት የፍሬን ሸራ አስቀይረዋል። በአራተኛው ቀን በዝግታ ሲነዱ ከፊት ግራ ጎማ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰሙ ጀመር፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቆመው ሲያዩት ጎማውን ከሚያስሩት አምስት ዳዶዎች ሦስቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኟቸው። መኪናው ውስጥ ባለው የጎማ መፍቻ አጠበቋቸው፤ ድምፁም መንቀጥቀጡም ቀረ። ጋራዡ «መንገዱ አላልቶት ነው» ብሏቸዋል። የሚጠይቁት፣ ማጥበቁ ይበቃ እንደሆነ፣ መንገድ በእርግጥ ዳዶ ያላላ እንደሆነ፣ ዳግም እንዳይላላም ግራሶ መቀባት ይረዳ እንደሆነ ነው።

ማጥበቁ አይበቃም። ጎማው ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ በመኪናው ሩቅ መንገድ ባይሄዱ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት የዳዶውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጎማውን ፔርኖዎቹ፣ ማለትም ዳዶዎቹ የሚጠብቁባቸው ባለ ጥርስ ዘንጎች፣ አንጠልጥለው የያዙት ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ዳዶው በሚገባ ሲጠብቅ ፔርኖውን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ብረት እንደ ተሳበ ሞላ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን (ጎማው የተገጠመበትን ብረት) ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የሚሽከረከር ክፍል) ጋር ያጣብቀዋል፤ ጎማው ከቦታው ንቅንቅ የማይለውም በዋናነት ሁለቱ ገጾች ሲጫጫኑ በሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ዳዶው ሲላላ ይህ ጭነት ይጠፋና ቸርኬው በየዙሩ ጥቂት ጥቂት መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ፔርኖው ያልተሠራለትን ሥራ ይረከባል፤ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። የተለመደ የቤት መኪና ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ1 ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ስለዚህ ዳዶው ላልቶ የተነዳ 100 ኪሎ ሜትር ማለት ወደ 50,000 የሚጠጋ መታጠፍ ማለት ነው። ሽቦ ሲያጣጥፉት የሚበጠስበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ በፔርኖው ውስጥ የተጀመረው ስንጥቅ ከውጭ ላይታይ መቻሉ ነው። ዳዶውን መልሰው ሲያጠብቁት ድምፁ ይጠፋል፤ ስንጥቁ ግን እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ደግፈው፣ ዳዶዎቹን ጥቂት ካላሉ በኋላ በክሪክ ያንሱትና ጎማውን ያውጡት። በቅድሚያ የሚመለከቱት የቸርኬውን ቀዳዳዎች ነው። ዳዶው የሚያርፍበት ገጽ የተፋቀና የሚያብለጨልጭ፣ ወይም ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ ወደ እንቁላል ቅርጽ የሄደ ከሆነ ቸርኬው አብቅቶለታል፤ በብየዳ ተሞልቶ ይመለስ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት አይቀበሉት። ከዚያ ወደ ፔርኖዎቹ ይሂዱ። ንጹሕ ዳዶ በእያንዳንዱ ላይ በእጅ ብቻ እስከ ሥሩ ድረስ ያዙሩ። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ጥርሱ ተጎድቷል፣ አለዚያም ፔርኖው ከልክ በላይ ተለጥጦ የጥርሶቹ ርቀት ተበላሽቷል ማለት ነው። በሙያው የተለመደው ደንብ አንድ ፔርኖ ተሰብሮ ከተገኘ ግራና ቀኙ ያሉት አብረው እንዲቀየሩ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተሰበሩ ደግሞ በዚያ ሞዞ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲቀየሩ ነው። በእርስዎ ጎማ የተሰበረ ባይኖርም፣ ከአምስት ሦስቱ ላልተው ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዱ ስለማይታወቅ፣ እኔ ብሆን አምስቱንም ከነዳዶዎቻቸው እቀይራለሁ።

«መንገዱ አላልቶት ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። መንገድ ይመታል፣ ያርገበግባል፤ ነገር ግን በትክክል የታሰረ ጎማ ይህን ችሎ እንዲኖር ነው የተሠራው፤ ያው መንገድ ከሰርቪሱ በፊትም ነበረ። ከአራት ቀን በፊት የተለወጠ ነገር ቢኖር ጎማው መፈታቱ ብቻ ነው። ዋናውን ተጠርጣሪ የምፈልገው በቸርኬውና በሞዞው መካከል ነው። በቤት መኪና ላይ በትክክል የጠበቀ ፔርኖ የሚለጠጠው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛውን እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። የዝገት ቅርፊት፣ የደረቀ ጭቃ፣ በቅርቡ የተቀባ ቀለም ውፍረቱ ከዚህ መጠን ጋር የሚቀራረብ ወይም የሚበልጥ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ይህ ቆሻሻ አብሮ ይታሰራል፤ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይደቅና ይረግፋል፤ የፔርኖው ልጠጣም አብሮት ይሟሽሻል። መካኒኩ በትክክል አጥብቆ ሳለ ጎማው የሚላላው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች የእጅ ስሕተቶች ናቸው። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ሳይሆን በዙሪያ ተራ በተራ ማጥበቅ ቸርኬውን አጣምሞ ያሳርፈዋል፤ ጎማው መሬት ይዞ ክብደት ከተሸከመ በኋላ ከዜሮ ማጥበቅም እንዲሁ። ቸርኬ ተቀይሮ ከሆነ የዳዶው ግንባር ይታይ፤ ሾጣጣ፣ እንደ ኳስ የተሞረደና ጠፍጣፋ የሚባሉ ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ ሲገባ የጠበቀ ይመስላል እንጂ የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው። ከሁሉም ተራ የሆነው ግን ዳዶዎቹ በእጅ ተያይዘው ሳለ መካኒኩ ተጠርቶ ሄዶ ሲመለስ ያጠበቃቸው የሚመስለው ነው። እኔም ይህን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጀምሬ ሳልጨርሰው ከጎማ አጠገብ አልነሳም።

ግራሶውን ይተውት። መፍቻውን ስንስብ ከምናወጣው ጉልበት አብዛኛው የሚበላው በጥርሱና በዳዶው መቀመጫ ላይ ባለው ሰበቃ ነው፤ ፔርኖውን የሚለጥጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። ግራሶ ሰበቃውን ሲቀንስ ያው ጉልበት ፔርኖውን ከታሰበው እጅግ አብልጦ ይለጥጠዋል፤ አምራቹ ያወጣው የማጥበቂያ ቁጥርም ትርጉሙን ያጣል። የአምራቹ መጽሐፍ ቅባ ካላለ በቀር ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቸርኬው በዝገት እንዳይጣበቅ ከፈለጉ ከሞዞው መሐል ወጣ ብሎ ቸርኬው የሚሰካበትን ክብ ብቻ በስሱ መቀባት ይችላሉ፤ የሚጫጫኑትን ገጾች ግን አያስነኩ።

ሲገጥሙት ሁለቱን ገጾች በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ያጽዱ። ዳዶዎቹን ሁሉ በእጅ ያስጀምሩ፤ በአየር የሚሠራው መፍቻ ለማስጀመር አይሆንም። ጎማው አየር ላይ እያለ በመስቀለኛ ያያይዟቸው፤ ከዚያ መሬቱን እስኪነካና መዞር እስኪያቆም ብቻ ዝቅ አድርገው በቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል ለክቶ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» በሚል መፍቻ፣ ሁሉንም ሁለት ጊዜ እየተመላለሱ ያጥብቁ። ቁጥሩን የሚሰጠው የመኪናው መጽሐፍ ነው፤ ለብዙ የቤት መኪናዎች ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ባለው መካከል ይወድቃል። 100 ኒውተን ሜትር ማለት 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ የ40 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ላይ ቢቆምበት ከ200 ያልፋል፤ ስለዚህ በእግር መርገጥ ጥንቃቄ ሳይሆን ጥፋት ነው። መፍቻው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ካለ ይበቃል፤ ደጋግሞ ማስጮህ ከቁጥሩ ያሳልፋል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ዳዶዎቹን ሳያላሉ በዚያው ቁጥር እንደገና ይፈትሿቸው። ጥቂት ቢነቃነቁ መርጋት ነው። ነገር ግን አንዱ ሩብ ዙር ያህል ከሄደ አጥብቀው አይለፉት፤ ጎማውን እንደገና አውጥተው ምክንያቱን ይፈልጉ።

አንድ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አልተነሣም። የፊት የፍሬን ሸራ የሚቀየረው በሁለቱም በኩል ነው፤ የቀኙንም ጎማ የፈታውና ያሰረው ያው እጅ በመሆኑ፣ ድምፅ ባያሰማም ዛሬውኑ ያስፈትሹት።