ቢዝነስ ልጀምር እያላችሁ ልባችሁ ላመነታ፣ ጠይቁኝ

ሰላም የወሎ ልጆች። ሳይኮሎጂ ተመርቄ ስራ ሳጣ ደሴ ፒያሳ ሞባይል ጥገና ከፈትኩ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ሱቁ ጭር ስላለ የምችለውን እመልሳለሁ፣ ስለ ግብር እና ስለ ንግድ ፈቃድ ግን አትጠይቁኝ እሱን እኔም እየተንገዳገድኩ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ነጋዴነት በደም ነው ወይስ ይለመዳል? እኔ ፈሪ ነኝ።

ይለመዳል ወንድሜ። ምዕራብ አፍሪካ፣ ቶጎ ሎሜ ከተማ ላይ ተመራማሪዎች 1500 ትንንሽ ነጋዴዎችን ሶስት ቦታ ከፍለው ለአንዱ ቡድን የተለመደውን የሂሳብና የማርኬቲንግ ስልጠና ሰጡ፣ ለሌላው ደግሞ ማንም ሳይነግርህ ቀድሞ መነሳት፣ ከጎረቤት ሱቅ የተለየ ነገር መሞከር፣ ሲሰናከል አለማቆም፣ እንደዚህ እንደዚህ አይነት ነገር አስተማሩ፣ ሶስተኛው ምንም አልተሰጠው። ውጤቱ በ2017 በፈረንጆቹ ወጣ፣ ምንም ካልተሰጠው ጋር ሲተያይ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ 30 በመቶ ጨመረ፣ የሂሳቡ ግን 11 በመቶ ገደማ፣ እሱም አስተማማኝ የሚባል ልዩነት አልነበረም።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ዲግሪ አለኝ፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ ልሸጥ አስቤ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ዓመት ሞላኝ።

እህቴ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ሱቅ በከፈትኩ ሳምንት አስተማሪዬ በበሩ ሲያልፉ አየሁና ባንኮኒ ስር ገባሁ፣ ካቻቢቴ ወድቆበት የሚፈልግ መስዬ። እሳቸው ለካ ወደኔ ነው የሚመጡት፣ ከላይ ሆነው "ልጄ፣ ባትሪዬ አብጧል፣ ትቀይርልኛለህ?" አሉኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ሰው የራሱ ባትሪ ነው የሚያስጨንቀው። ደግሞ ልንገርሽ፣ ይሉኝታ ከመጀመር ሲያስቀርሽ ብቻ አይደለም የሚጎዳሽ፣ ከጀመርሽም በኋላ በዱቤ ይመጣል። የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛ፣ "ነገ እሰጥሃለሁ"፣ እኔ እምቢ ማለት ከብዶኝ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሙሉ ደብተር ዱቤ ሞልቼ የሱቅ ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነው። ስለዚህ ከበርበሬው በፊት አፍሽን "በካሽ ነው" ማለት አስለምጂው።

ጥያቄ (ወልዲያ)፦ በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ባዶ ቀረ። አሁን ትንሽ ብር አለኝ ግን እጄ አልዘረጋ አለኝ።

አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ፈሪነት አይደለም። ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1979 በፈረንጆቹ እንዳሳዩት የጠፋ መቶ ብር ከተገኘ መቶ ብር በላይ ይሰማል፣ በኋላ የተለኩትም እጥፍ ገደማ ነው የሚሉት፣ አንተ ደግሞ በወሬ ሳይሆን በአይንህ ያየኸው ነው። ሳራስቫቲ የምትባል ሌላዋ ተመራማሪ ልምድ ያላቸው ስራ ፈጣሪዎች ሲያስቡ "ስንት አተርፋለሁ" ሳይሆን "ስንት ቢጠፋ እችለዋለሁ" ብለው ይነሳሉ ትላለች። ዕቁብ ሲደርስህ ሙሉውን እቃ ላይ እንዳታፈሰው፣ ቢጠፋ የልጆችህን ቀለብ የማይነካውን ብቻ ለይ፣ እጅህ ለዛች ይዘረጋል።

ጥያቄ፦ 44 ዓመቴ ነው፣ አልረፈደም?

ኧረ በፍጹም። አሜሪካ በጣም በፍጥነት ያደጉት ድርጅቶች መስራቾች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነው፣ እንደውም አንድ ዓመት ይቀርሃል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር በሽርክና ብከፍትስ?

መጀመሪያ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ አብራችሁ ፍየል ገዝታችሁ ሽጡ። ስትመለሱ መኪና ላይ ካልተኳረፋችሁ እንነጋገራለን።

በሉ ደንበኛ መጣ ልሂድ። የሐይቋ እህት፣ ሽሮው ሲደርስ ሁለት ኪሎ ያዢልኝ፣ በካሽ ነው።