የትኛውን ልይ?

ተዋናዩ ደበበ እሸቱ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ያረፈ ሰሞን፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ እኛ ብሎክ የሚኖር አንድ የቲያትር ተማሪ ደረጃ ላይ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ትልቅ ሰው አጣን ይላል። እኔ ግን አላውቃቸውም። የትኛውን ሥራቸውን ልይ?» አለኝ።

ቶሎ የመጣልኝ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካኖች ፊልም ነው። ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ አገራችን ነው። ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ይጫወታል። ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈው። «ከመድረኩስ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ የተማረ፣ ዕድሜውን ለመድረክ የሰጠ ሰው ነው። ቁርጥራጭ አይጠፋም ይሆናል። አዳራሹ ሲስቅለትና ሲያጨበጭብለት የነበረውን ሙሉ ቲያትር ግን ከየት አምጥቼ ላሳየው?

እኔ የድምፅ ባለሙያ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ በሠራሁበት አንድ ቲያትር ቤት ባዶ የድምፅ መቅረጫ ክር ማግኘት ጭንቅ ነበር። አንድ አንጋፋ ተዋናይ ለብቻው የሚናገረውን ረጅም ቃለ ተውኔት ሲለማመድ ቀድቼው ነበር። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ወንበር ይስባል፤ እግሩ ጣውላው ላይ ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና የመቅረጫውን መርፌ ቀስ በቀስ እየገፋ ጫፍ ያደርሳታል። መሃል ላይ አንድ ቃል ሲጠፋው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ጽሑፉን የያዘችው ልጅ ሹክ ስትለው ሁሉ ተቀድቷል።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ይቀዳ ተባለ። «ልምምድ ምን ያደርጋል? እላዩ ላይ ቅዳበት» አለኝ አለቃዬ። ተቀዳበት። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ክሩ መጨረሻ ላይ የተዋናዩ ድምፅ ትንሽ ተርፎ ነበር። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርና ወንበሩ ብቻ። ማታ ማታ ሰው ሲወጣ እከፍታት ነበር። ቆይቶ በእሷም ላይ ተቀዳ። ተዋናዩም ሞተ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተዋናዩን ወጋየሁ ንጋቱን አስቡት። ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በድምፁ ስላስቀረልን፣ ከሞተ በኋላ የተወለደ ልጅ ዛሬ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው አያለሁ። ደግ ሥራ ይሉሃል ይሄ ነው።

እናንተ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ሰው ሲሞት ፎቶውን ለጥፋችሁ፣ ሻማ አድርጋችሁ፣ በማግስቱ ሌላ ወሬ ላይ ናችሁ። ስልካችሁን አስቀምጡና ሰው አናግሩ እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ከርሜያለሁ። አሁን ደግሞ አውጡት እላለሁ። በየሰፈራችሁ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ሳይቀር፣ መጋረጃ የጎተቱ፣ ልብስ የሰፉ፣ በመድረክ የነገሡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። እሁድ ከሰዓት ሂዱ። ቴሌቪዥኑን አስጠፉ። ስልኩን አፋቸው አጠገብ አድርጉት። ወሬያቸው ወዲያ ወዲህ ቢል አታቋርጧቸው፤ ቁም ነገሩ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ዝነኛ ሰው ብቻ አትፈልጉ። ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ ትል የነበረችውንም ልጅ ፈልጓት፤ አሁን አያት ሆናለች።

የቀዳችሁትን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል። ፍላሽ ላይም ገልብጡት፣ ለልጆቻቸውም ላኩላቸው። ስማቸውንና ቀኑን መጻፍ አትርሱ።