የገዛሁት ዕቃ ጎዳኝ፤ ካሳ ይገባኛል ወይ? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሰሞኑን ስለ ዕቃ ክስና ስለ ካሳ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ 22 ዓመት ነገረ ፈጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ጥብቅና ላይ ነኝ። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉልኝ። ምን ገዛችሁ? መቼ? ደረሰኝ አላችሁ? ዕቃው አሁን የት ነው? አራተኛዋን አደራ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እሷ ላይ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ጋሼ፣ በገዛው ዕቃ የተጎዳ ሰው ካሳ ያገኛል ወይ?

መልስ፦ አራቱን ጻፍና ተመለስ።

እናት ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ ብርዱን ያውቁታል። ለልጆቼ ሂተር ገዛሁ። በዘጠነኛው ቀን ሶኬቱ ጋ ጨሰና ብርድ ልብሱን አቃጠለ። ልጆቹን እግዜር አተረፈልኝ። ደረሰኝ አለኝ። ሂተሩ ጓዳ ነው። ባለ ሱቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳይቶ መለሰኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጆቹ ተረፉ። አጠያየቅ ማለት እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በእጅሽ ያለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። አንደኛው የሂተሩ ዋጋ ነው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ከገዛሽ 15 ቀን ካልሞላ ገና ጊዜ አለሽ። ሕጉ የሰጠሽን መብት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይሰርዘውም። ነገ ጠዋት በጽሑፍ ጠይቂው። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምልሽ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዘሽ ስጪው።

ሁለተኛው ዕቃው ያደረሰው ጉዳት ነው። ብርድ ልብሱ፣ ፍራሹ፣ ሰውም ተጎድቶ ቢሆን የሕክምናው ወጪና ከሥራ የቀረበት ቀን ማለት ነው። እዚህ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2085ን እወቁልኝ። ዕቃ ፈብርኮ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወትሮው አገልግሎት ላይ ሲውል ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። አምራቹ አጥፍቷል ብለሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ይህን አንቀጽ በጣም እወደዋለሁ፤ ግን የሚጠቀምበት ሰው ብዙ አላየሁም። አንድ ገደብ አለው። ጉድለቱ ዕቃውን በተለመደው ዓይነት ሲያዩት የሚታወቅ ከነበረ አምራቹ አይጠየቅም። ገመዱ ስትገዢው የተላጠ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። አምራቹ ቻይና ነው ብለሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። በሸማቾች አዋጁ ዕቃውን በማቅረብ የተሳተፉትን ሁሉ፣ አስመጪውንም ቸርቻሪውንም፣ በአንድነት ወይም በተናጠል መጠየቅ ይቻላል።

አሁን አደራዬን ስሚ። ሂተሩን ለማንም ቴክኒሻን እንዳትሰጪ። እንዳትጠርጊው፣ እንዳትፈቺው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ፍሪጁ ተቃጥሎ፣ ግድግዳው ጠቁሮ መጣ። እኔ ዘንድ ሳይደርስ የሰፈር ቴክኒሻን ፍሪጁን ከፍቶ ኮምፕረሰሩን ቀይሮለት ነበር። አሮጌው ተጥሏል። ፍርድ ቤት ስንቆም ሻጩ «ያበላሸው ቴክኒሻኑ ነው» አለ። ደረሰኝ ነበረን፣ ፎቶ ነበረን። ያ አንድ ብረት ግን አልነበረም። ተረታን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከጫጫ፦ ይቅርታ ጋሼ ጣልቃ ልግባ። እዚህ አገር ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ የመብራቱ መዋዠቅ ነው። ባለ ሱቁ ምን ያድርግ?

እናት ከጠባሴ፦ የዚያን ማታ መብራት አልጠፋም፣ አልተመለሰም።

ከጫጫ፦ እሱን ምን ያስረዳል?

ሌላ ከጠባሴ፦ በአንድ መስመር ላይ ያለን ጎረቤቶች ነን! የእኛ ቴሌቪዥን ለምን አልተቃጠለም?

መልስ፦ ይኸው፣ ምስክርሽ ራሱ መጣልሽ። ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሣው መከራከሪያ መዋዠቁ ነው። ስለዚህ የጎረቤቶችሽን ስምና የዚያን ማታ ሁኔታ ዛሬውኑ ጻፊ። ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የጫጫው ወንድማችን፣ መዋዠቅ ቢሆን ኖሮ ተጠያቂው ሌላ ይሆን ነበር እንጂ ተጠያቂ አይጠፋም ነበር።

ገበሬ ከእነዋሪ፦ ጋሼ፣ እኛ መረሬ መሬት ላይ ሰርዶ ለማጥፋት ራውንድአፕ የሚባለውን የአረም መድኃኒት እንረጫለን። አሜሪካ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ቢሊዮን ዶላር ተከፈለ ሲሉ ሰማሁ። እኛም ካሳ ይደርሰናል ወይ?

መልስ፦ የሰማኸው እውነት አለው፤ ሙሉው ታሪክ ግን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በራውንድአፕ ውስጥ ያለውን ግላይፎሴት የሚባል ንጥረ ነገር «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚገመተው» ምድብ ውስጥ አስገባው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ያመጣል ብሎ አላመነም። በ2018 የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝባዊ ዳኞች (ጁሪ) በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ይረጭ ለነበረ ሠራተኛ 289 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። በይግባኝ እየተቀነሰ 20.5 ሚሊዮን ደረሰ። የመጀመሪያው ቁጥር ዓለምን ዞረ፤ የመጨረሻውን ብዙ ሰው አልሰማውም። በ2020 ባየር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ፣ ያኔ የራውንድአፕን አምራች ሞንሳንቶን ገዝቶ ነበር፣ ክሶቹን በስምምነት ለመዝጋት እስከ 10.9 ቢሊዮን ዶላር መደብኩ አለ።

ያ ገንዘብ ለአሜሪካ ከሳሾች ነው። ከሳሾቹም የተወሰነ የካንሰር ዓይነት በሐኪም የተረጋገጠላቸውና ለዓመታት መርጨታቸውን ያሳዩ ናቸው። እነዋሪ ድረስ የሚመጣ ድርሻ የለም። ታምመህ ከሆነ ግን እዚህ አገር የራስህ ክስ ሊኖርህ ይችላል። ታምመሃል?

ገበሬ ከእነዋሪ፦ አልታመምኩም፣ ተመስገን። ፈርቼ ነው።

የግብርና ባለሙያ ከደነባ፦ ወንድሜ፣ ትክክለኛውን ልክ፣ ጓንትና ጭምብል ከተጠቀምክ ስጋቱ ይቀንሳል። ሰርዶን በማረሻ ብቻ እናጥፋ ብትል ስንት ጊዜ ታርሳለህ?

ገበሬ ከእነዋሪ፦ ጓንቱን ማን ሰጠንና? አባቴ በበሬ ነው ያጠፋው።

የግብርና ባለሙያ ከደነባ፦ የአባትህ ጊዜ መሬቱ ሰፊ ነበር።

ከዓለም ከተማ፦ እኛ ጋ ባዶውን ጄሪካን አጥበው ውሃ ይቀዱበታል። ስለዚያ ለምን አታወሩም?

የግብርና ባለሙያ ከደነባ፦ ልክ ነህ። ተበስቶ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል መደረግ ያለበት ነው።

መልስ፦ የጄሪካኑ ነገር ከባድ ነው፤ በሌላ ቀን ባለሙያው ብቻውን ያስረዳን። አሁን ወደ ካሳው እንመለስ።

የመንዝ ልጅ፦ ጋሼ፣ ካሳው ስንት ይሆናል በግምት?

መልስ፦ የምኑ ካሳ? ወንድሜ፣ ባላወቅሁት ጉዳት ላይ ግምት አልሰጥም። አራቱን ጻፍ።

ከደብረ ሲና፦ ፌስቡክ ላይ «ይህን ምርት ከተጠቀሙ እስከ 50 ሺህ ዶላር ካሳ ይገባዎታል» የሚል አየሁ። ስሞላው መመዝገቢያ 3000 ብር ላኪ አሉኝ።

መልስ፦ አትላኪ። የባንክ ቁጥርም፣ የመታወቂያ ፎቶም፣ በስልክ የሚመጣ የምስጢር ቁጥርም አትስጪ። አሜሪካ ውስጥ ተጎጂ የሚፈልጉ እውነተኛ የጠበቃ ማስታወቂያዎች አሉ፤ የተለመደው አሠራራቸው ግን ካሳው ሲገኝ ከእሱ ላይ ድርሻ መውሰድ ነው። አስቀድሞ ብር የሚጠይቅሽ ሌባ ነው።

ከሸኖ፦ እህቴ አሜሪካ ናት። የሕፃናት ፓውደር ለዓመታት ተጠቅማ...

መልስ፦ እዚያው ያለ ጠበቃ ትጠይቅ። የመክሰሻው ጊዜ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ አትዘግይ።

ተማሪ ከደብረ ብርሃን፦ ታዲያ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር አምራች ከስሰው ካሳ ያገኙበት ጊዜ የለም?

መልስ፦ አለ፣ ሁላችንም ያለቀስንበት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን። 157 ሰው አለቀ። ቤተሰቦች ቦይንግን ቺካጎ ከሰሱት፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያኔ እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቦይንግ ለአደጋው ኃላፊነቱን አመነ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ በካሳው መጠን ላይ ሆነ። ያ ክስ አምራቹ በሚገኝበት አገር፣ በዚያ አገር ሕግ፣ ብዙ ማስረጃ ተሰብስቦ የተካሄደ ነው። ለተበላሸ ምጣድ አይሆንም።

ከሸዋ ሮቢት፦ የሽንኩርት ዘር ገዛን፤ ማሸጊያው ላይ ቀይ ሽንኩርት ይላል። የበቀለው ግን የተደባለቀ ነው፣ ግማሹም ኮረት፣ ማለትም የሽንኩርቱን ራስ፣ አልያዘም። አሥራ አራት ገበሬ ነን። ደረሰኝ ያለን አምስታችን ነን።

መልስ፦ መጀመሪያ ነገ፣ ሰብሉ ከማሳ ሳይነሣ፣ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ ጥሩ። ባለሙያ መጥቶ አይቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሰብሉ ከተገለበጠ ማስረጃው አብሮ ይገለበጣል። ባዶውን ማሸጊያ አትጣሉ፤ ላዩ ላይ የምርት መለያ ቁጥሩ አለ። የተረፈ ዘር ካለ እንደታሸገ አስቀምጡ። ሁላችሁም አንድ ላይ መክሰስ ትችላላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ካሉ አንዱ ሌሎቹን ወክሎ ሊከስ ይችላል። ዘጠኛችሁ ደረሰኝ ባይኖራችሁም በምስክርና በማሸጊያው መግዛታችሁን ለማስረዳት መሞከር ይቻላል፤ ግን ከባድ ነው።

ደረሰኝ ደረሰኝ ስል እንደምትሰለቹ አውቃለሁ። ሻጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲልህ የቀነሰልህ የመክሰስ አቅምህን ነው።

ከአረርቲ፦ ሞባይል ያለ ደረሰኝ ገዝቼ...

መልስ፦ አሁን የተናገርኩትን አንብብ።

ከአንኮበር፦ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተፈጭቶ ተደባልቆ አገኘሁ።

መልስ፦ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ውሰጂው። ሁሉንም አትስጪ፤ ግማሹን አሽገሽ አስቀሪ። ይህ ወንጀልም ነው።

ከሞላሌ፦ ደንግጬ እንቅልፍ አጥቻለሁ ብሎ የሞራል ካሳ መጠየቅስ?

መልስ፦ ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ግን የሞራል ካሳ ከ1000 ብር አይበልጥም። በ1952 የተጻፈ ቁጥር ነው። ያኔ 1000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ልጁ የተቃጠለበት አባት ፊት ቆሜ ይህን ስናገር አፍራለሁ። መለወጥ አለበት።

ከመሐል ሜዳ፦ የመክሰሻ ጊዜው ስንት ነው? ገንዘብ የሌለውስ?

መልስ፦ ከሻጩ ጋር ባለህ ውል ከሆነ፣ ጉድለቱን እንዳወቅህ ወዲያው አሳውቅ፤ ካሳወቅህ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ክሰስ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ግን ቀኑ ይቆጥራል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ያመለክታል።

የመንዝ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ነው ያልጻፍኩት። እናቴ ናት። ፕሬዠር ድስት ገዝቼ ላክሁላት። ባለፈው እሑድ ሽሮ የምትሠራበት ባቄላ ስትቀቅል ክዳኑ ተፈነጠረ። ፊቷና ደረቷ ተቃጥሏል፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታለች። የገዛሁት ሰኔ ላይ ነው። ደረሰኙ አለኝ። ድስቱን ግን እህቴ ማየት አስጠልቷት ትናንት ለቆራሌ ሰጠችው።

መልስ፦ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ተቆጥቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይማርልህ።

አሁኑኑ ተነሥ። ቆራሌው የየት ሰፈር ነው? እህትህ መልኩን ታውቀዋለች፣ አብራችሁ ሂዱ። የከፈለውን እጥፍ ስጠው። ከሁሉም በላይ ክዳኑን፣ ጎማውንና ላዩ ላይ የምትፏጨዋን ቫልቭ እፈልጋለሁ። ቫልቩ ተደፍኖ ይሁን መቆለፊያው ላልቶ የሚታወቀው ከእነሱ ነው። ሻጩ «አጠቃቀም አታውቅም» ይላል፤ ስለዚህ የመመሪያ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን አይሁን ካርቶኑ ውስጥ ፈልግ።

ከጠባሴ፦ ቆራሌዎች ዕቃ የሚያራግፉበትን ቦታ አውቃለሁ። በውስጥ ጻፍልኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ (ከሁለት ሰዓት በኋላ) አገኘነው። ድስቱን ሸጦታል። ክዳኑ አለ፣ ጎማውም ተጣብቆበት አለ። ቫልቩ ላይ የባቄላ ልጣጭ ደርቋል። ልጠበው?

መልስ፦ እንዳትነካው። እንዳለ በንጹሕ ከረጢት አድርገህ እሰረው። ቆራሌው ዛሬ ከእጁ እንደወሰድክ በሁለት ምስክር ፊት ይፈርምልህ፤ ድስቱን ለማን እንደሸጠም አብሮ ይጻፍ። ከሆስፒታሉ የሐኪም ማስረጃ አስጽፍ፤ የመድኃኒቱን ደረሰኝ አንድም ሳታስቀር ሰብስብ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እጠብቅሃለሁ። ክዳኑን ይዘህ ና።