«ለእናቴ እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች»

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ሐዋሳ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎ ግን ስለ ዶርም ጓደኛዬ ነው። የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው። በጥቅምት መጨረሻ ብርድ ብርድ ብሏት ግቢው ክሊኒክ ስትመረመር ወባ ተባለች፤ ክኒን ወስዳ ተሻላት። በኅዳር ማብቂያ ትኩሳቱ ተመለሰባት። የግቢውን ሰልፍ ስለጠላችው ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ደሟን አይተው «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉና መርፌ አዘዙላት። ከዶርም ልጆች ተበድረን ከፈልን። ጥቂት ቀን ደህና ሆና አሁን እንደገና ያንቀጠቅጣታል።

እናቷ እንጀራ እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። «እማዬ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ የምትከፍለውም የላትም» ብላ ለማንም እንዳልናገር በእመቤታችን አስምላኛለች። እናትየው ሲደውሉልኝ «ቤተ መጻሕፍት ናት» እላቸዋለሁ። ፈተናም ደርሷል። መሐላዬን ላፍርስ? የእናቷ የጤና መድህን ደብተር እዚህ ያገለግላት ይሆን? የትስ ልውሰዳት?

የጨነቃት ጓደኛ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣

መሐላው ይቆይና በሽታው ይቅደም። ጓደኛሽ የዋጠችውን ሁሉ የምታስመልስ፣ የምትዘባርቅ፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቷ የጠቆረ ወይም መቆም ያቃታት ከሆነች ንጋትን አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል የሪፈር ወረቀት አይጠብቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይጠራል።

እዚያ ካልደረሰች ነገ ጠዋት ወደ ግቢው ክሊኒክ ተመለሱ። ሰልፉ ያሰለቻል፣ አልክድሽም። ነገር ግን የመጀመሪያው የወባ ውጤት ያለው እዚያ ነው፤ ወደ አዳሬ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ መሄድ ካስፈለገም ወረቀቱን የሚጽፉላችሁ እነሱ ናቸው። የግል ክሊኒኩ በቅርቡ ወባ ይዟት እንደነበር ተነግሮታል? ደብዳቤሽ ስለዚህ ዝም ብሏል። የውጤት ወረቀቱን፣ የክኒኑን ማሸጊያና የመርፌውን ማዘዣ ሰብስበሽ ያዢ። ትኩሳት ያቃጠለው ሰው ታሪኩን አስተካክሎ አይናገርምና አስታማሚዋ አንቺ ተናገሪላት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሚከተለውን ለሐኪሙ የምታቀርቢው ጥያቄ አድርገሽ ውሰጂው። በአገራችን ወባን በብዛት የሚያመጡት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉ ሁለት ተሕዋስያን ናቸው። ፋልሲፓረም ፈጥኖ ሊከፋ ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሌላ ትንኝ ሳይነክስ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ሲገድል ጉበት ውስጥ ያደፈጠውን አይነካውም። ለእሱ ፕሪማኪን የሚባል ክኒን አለ፤ የተለመደው አወሳሰዱም 14 ቀን ነው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲለቅ ቀሪው ክኒን መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ነው። የትኛው ወባ እንደተባለች፣ ፕሪማኪን ታዞላት እንደሆነና እንደጨረሰችው ጠይቂያት፤ ሳትቆጪ። ከፋርማሲ በራሳችሁ እንዳትገዙት ግን አደራ፦ በዘር የሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ባለበት ሰው ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

«ታይፎይድና ታይፈስ» በየክሊኒኩ እንደ ሙሽራና ሚዜ ተያይዘው ሲጠሩ መስማት እኔንም ሰልችቶኛል። ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ ሰውነት ድሮ ለተዋጋው ጀርም የሠራውን መከላከያ ጭምር ስለሚያሳይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ዛሬ ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም። ጓደኛሽ በደጋ ያደገች፣ ሰውነቷ ወባን የማያውቅ ልጅ ናት፤ ሐዋሳ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜም ወባ የሚበረታበት ነው። ሌላ መርፌ ከመታዘዙ በፊት ደሟ እንደገና በማይክሮስኮፕ ይታይላት።

በመድህኑ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣዪ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል፤ የሚያገለግለውም ውል በተያዘባቸው ተቋማት ነው። ስሟ ደብተሩ ላይ ይኑር አይኑር የሚያውቁት እናትየው ናቸው። ይህ ደግሞ ወደ መሐላሽ ይመልሰናል።

የማይደበቅ ነገር ለመደበቅ ስትዪ እኒያን ሴት እየዋሸሻቸው እስከ መቼ ትዘልቂያለሽ? በስውር ግን አትደውዪ። ለጓደኛሽ ፊት ለፊት ንገሪያት፦ «እስከ ነገ ማታ አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።» ትቆጣሽ፤ ቁጣው ያልፋል። መሐላው ከከበደሽ ለንስሐ አባትሽ አማክሪ፤ የታመመ ሰው ለማዳን ስትዪ ብታፈርሺው የሚፈርድብሽ አይመስለኝም። ስልኩ በቀን ይደወል፤ በሌሊት የሚጠራ ስልክ ለእናት መርዶ ነው። መጀመሪያ የልጃቸውን ድምፅ ይስሙ፣ ከዚያ አንቺ የበሽታውን ስምና የት እንደምትታከም ንገሪያቸው። ጠበል ካሉ አትከራከሪ፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም እስከ መጨረሻው ይዋጥ።

የፈተናው ነገር አጭር ነው። የሐኪም ፈቃድ ወረቀቱ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ይግባ፤ ኮፒውን አስቀሩ። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ብዙ ያከራክራል።

እናትየው «ልምጣ» ካሉ ዶርም ስለማያስገቧቸው ማረፊያ ከአሁኑ አስቡበት። በግቢው ወይም በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን የደብረ ብርሃን ሰው አይጠፋም፤ ጠይቂ።