ጋቢ የለበሰ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ወይራችን ላይ አመድማ የቅጠል ቁራጭ የሚመስል ነገር ተለጥፏል። አጎቴ «ታሟል፣ ይቆረጥ» ይላሉ። የድንጋይ አጥሩ ላይም ነጣ ያለ ነገር አለ። በሽታ ነው? አንድ ዓይነትስ ናቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ መጋዙን ደብቂልኝ። በሽታ አይደለም፣ ላይከን ነው። ሰዉ የዛፍ ሽበት፣ የድንጋይ ሽበት የሚለው። ፈንገስና አልጌ ተዳብለው ነው የሚኖሩት፤ አንዳንዴ በአልጌው ፈንታ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል፣ እንደሱ ከብርሃን ምግብ የሚሠራ ባክቴሪያ ይገባል። አልጌው ከብርሃን ምግብ ያበስላል፣ ፈንገሱ ቤት ይሆነዋል። ከወይራው የሚፈልጉት መቀመጫ ብቻ ነው።

እስቲ ጥፍርሽን ከጠርዙ ሥር አስገቢ። ብድግ ካለልሽና ሆዱ ከጀርባው ከጠቆረ፣ ቅጠል መሰል የሚባለው ነው። ከሆዱ የወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች መቆንጠጫው ናቸው። የአጥሩ ግን ድንጋዩን ካልፈለጥሽ አልላቀቅ ካለ፣ ቅርፊት መሰል ነው። መናገሻ ጫካ ጽድ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ደግሞ ሦስተኛው መልክ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ መልክ ልብስ ነው እንጂ ዘር አይደለም። የላይከን ስም የሚወጣው ለፈንገሱ ነው፤ ቅጠል መሰልነትን ደግሞ የተለያዩ የፈንገስ ቤተሰቦች በየፊናቸው ደርሰውበታል። መሬት ላይ የሚነጠፈው ፔልቲጄራና ዛፍ ላይ የሚወጣው ፓርሞትሬማ ሁለቱም ቅጠል ይመስላሉ፤ ዝምድናቸው ግን የሩቅ ነው። ያ የመናገሻው ጢም ደግሞ የፓርሞትሬማ ቤተሰብ ነው፤ ማን ይገምታል! የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁሉንም «ላይከን» ብሎ አንድ ወገን ውስጥ ከቷቸው ነበር። ዛሬ የሚታወቁት ወደ 20,000 ዝርያ ይጠጋሉ።

ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። ተማሪ ሳለን መምህራችን የአንዱን ላይከን ጀርባ በምላጭ ፋቀና በረኪና ጠብ አደረገበት። ነጩ ሥጋ ወዲያው ቀላ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ሌላው ላይ ጠብ ቢያደርግ ምንም የለም። ኒላንደር የሚባል የፊንላንድ ሰው በ1866 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። እኔም ቤት ሞክሬው ነበር፤ ላይከኑ ቀለሙን አልቀየረም፣ ሱሪዬ ግን ቀየረ።

ዝናብ ሲያባራ ውጪና እይው። አመድማው አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅሻል፤ የላይኛው ቆዳ ሲርስ አልጌው ወለል ብሎ ስለሚታይ ነው። አጎትሽንም አሳያቸው። የወደቀ ቁራጭ ካገኘሽ ላኪልኝ። በፌስታል እንዳታደርጊው፣ ይሻግታል፤ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጊው።